«ቀላል ናት፣ ቅመሳት» የምትባለዋ ቢራ

የዛሬው ጽሑፍ ጠንከር ይላል። እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ካልተስማማችሁ ተከራከሩኝ።

በምርመራ ክፍል በየጊዜው የምንሰማው አንድ መልስ አለ። «መጠጥ ይጠጣሉ?» ብለን ስንጠይቅ፣ «ኧረ እኔ አልጠጣም ዶክተር! ቢራ ብቻ ነው» እንባላለን። «ስንት?» ስንል፣ «ያው ማታ ማታ ሁለት ሦስት፣ እሁድ ትንሽ ከፍ ይላል» ይሉናል። ሰውየው እየዋሸን አይደለም። በብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ «መጠጥ» ማለት አረቄ ነው። ቢራ ከለስላሳው ጎራ ተመድቧል፤ ለጥም፣ ለሙቀት፣ ለእንግዳ፣ ለጨዋታ የሚቀርብ ነገር ሆኗል። ስሙም «ቀላል» ነው።

የዛሬው ሙግቴ ከዚህች «ቀላል» ከምትባል ቃል ጋር ነው። ቢራ የሚቀለው ለምላስ ነው እንጂ ለጉበት አይደለም።

አዲሱ ስም፦ ክራፍት ቢራ፣ ፔል ኤል

ሰሞኑን ወጣቶቻችን በስልካቸው ቪዲዮ ሲያዩ አዲስ ስም ይሰማሉ። ክራፍት ቢራ የሚባለው በትልቅ ፋብሪካ ሳይሆን በትንሽ ጠማቂ ቤት፣ በትንሽ በትንሹ የሚዘጋጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቢራቸውን እዚያው ጠምቀው የሚሸጡ ቤቶች ካሉ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዕቃው ቆላ ባይወርድም ስሙ በኢንተርኔት ቀድሞ ይደርሳል።

«ፔል» ማለት ፈዛዛ ማለት ነው፤ ብቅሉ ሳይጠቁር በቀስታ ደርቆ የተጠመቀ ቢራ ነው። «ኤል» የሚባለው ደግሞ ሞቅ ባለ ሁኔታ በሚሠራ እርሾ ይፈላል። በየሆቴላችን የለመድነው የጠርሙስ ቢራ በአብዛኛው ላገር የሚባለው ዓይነት ሲሆን በቅዝቃዜ የሚፈላና ረዘም ላለ ጊዜ የሚያርፍ ነው። ፔል ኤል መዓዛውን የሚያገኘው ሆፕ ከሚባል ተክል ነው። ሆፕ ለቢራ፣ ጌሾ ለጠላ እንደማለት ነው፤ ምሬት ይሰጣል፣ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል።

ስለዚህ ቢራ የሚያወሩ ቀማሾች ቀለሙን በብርሃን ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ ጉንጫቸው ውስጥ ያንከባልላሉ። «የብርቱካን ቃና አለው፣ የማር ቃና አለው፣ አይመርም፣ ለጀማሪ ይስማማል» ይላሉ። ስለ ጣዕሙ አሥር ቃል ይነገራል፤ ስለ አልኮሉ አንድም። አልኮሉ ግን አለ፤ ፔል ኤል ብዙውን ጊዜ ከ4.5 እስከ 6 በመቶ አልኮል ይይዛል። ከተራው ቢራ አያንስም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ነው የኔ ቅሬታ። ምሬት ዘበኛ ነው። ሕፃን ልጅ መራራ ነገር ሲቀምስ ፊቱን አጨማዶ የሚተፋው ተፈጥሮ ምላሱ ላይ ዘበኛ ስላቆመችለት ነው። በተፈጥሮ ውስጥ ብዙ መርዝ መራራ ነው። «ለጀማሪ የሚስማማ» ተብሎ የሚሠራ ቢራ ይህን ዘበኛ ከበሩ ያነሳዋል፤ ወደ ቤት የሚገባውን እንግዳ ግን አይቀንሰውም። ጀማሪ ማለት ማን ነው? የ40 ዓመት ሰው አይደለም። ጀማሪ ማለት እስካሁን የማይጠጣ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ ልጅ ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ

አንድ ጠርሙስ ቢራ 330 ሚሊ ሊትር ነው። የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ ከሆነ ውስጡ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለ። አንድ መለኪያ አረቄ 40 ሚሊ ሊትር ቢሆንና ጥንካሬው 40 በመቶ ቢሆን 12.6 ግራም ያህል ይይዛል።

ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ቢራ ማለት አንድ መለኪያ አረቄ ማለት ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጃምቦ ድራፍት ከሆነ ደግሞ 20 ግራም ይጠጋል፤ ይህ አንድ መለኪያ ተኩል ነው። «ማታ ማታ ሁለት ሦስት ቢራ» የሚለው ሰው በየማታው ሁለት ሦስት መለኪያ አረቄ እየጠጣ ነው። «አባቴ በየማታው ሦስት መለኪያ አረቄ ይጠጣል» ቢባል ቤተሰቡ ሽማግሌ ይሰበስባል። «ሦስት ቢራ ይጠጣል» ሲባል ግን ማንም አይደነግጥም።

ጉበት የሚያነበው የጠርሙሱን ስም ሳይሆን ግራሙን ነው። የአንድ አዋቂ ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል አልኮል ያቃጥላል። አንድ ጠርሙስ ከሰውነት ለመውጣት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው። ቡና አያፋጥነውም፣ ቀዝቃዛ ሻወር አያፋጥነውም፣ ክትፎም አያፋጥነውም።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አልኮልን ካንሰር በማምጣታቸው ጥርጥር ከሌለባቸው ነገሮች ተርታ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የአንጀትና የጡት ካንሰር ከሱ ጋር ይያያዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ምንም ስጋት የሌለው የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ይህ የሚሠራው ለአረቄ ብቻ አይደለም፤ በብርቱካን ቃና ለተጠመቀውም ነው።

«በዚህ ሙቀት ውስጥ ምን ይጠጣ ታዲያ?»

የይፋትን ሙቀት የማያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ አይረዳውም። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቶ፣ ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጃኬቱን አውልቆ የሚጠራው አንድ ነገር ነው፦ «ቀዝቃዛ ቢራ!» ቢራውም በዚያው መንገድ ነው የወረደው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች አሉ።

ቀዝቃዛ ቢራ አፍን ያቀዘቅዛል፤ ይህን አልክድም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ልንገራችሁ። አልኮል ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ የሚያዘውን ሆርሞን ያዳክማል። ለዚህ ነው ከቢራ በኋላ ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት የምትመላለሱት። ላብ በሚያጥብ አገር፣ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሲነቅል ወይም ማሾ ሲለቅም የዋለ ሰው ማታ በቢራ ላይ ቢራ ሲጨምር ያጣውን ውሃ አይተካም። ጠዋት ራሱን የሚፈልጠው፣ አፉ የሚደርቀው፣ ሽንቱ የሚጠቁረው በከፊል ለዚህ ነው።

«ቢራ የኩላሊት ጠጠር ያወርዳል» የሚለውም በሰፊው ይወራል። በውጭ አገር የተደረጉ አንዳንድ የክትትል ጥናቶች ቢራ ጠጪዎች ላይ ጠጠር አነስ ብሎ መታየቱን ጽፈዋል። ከዚህ ተነስቶ ቢራን መድኃኒት ማድረግ ግን ስህተት ነው። ጠጠርን የሚከላከለው የሽንት መብዛት ነው፤ ያንን ውሃ ያለ ጉበት ኪሣራ ይሠራዋል። ቢራ ደግሞ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል፤ ይህም ሪህ ያመጣል፣ አንድ ዓይነት ጠጠርንም ያግዛል። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ እንጂ ወደ ግሮሰሪ አይሂድ።

አራስ ለሆናችሁ እህቶቻችን፦ «ቢራ ወተት ያበዛል» የሚለው ምክር ተቃራኒ ነው። አልኮል ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞን ይቀንሳል፣ ወደ ጡት ወተትም ይገባል። አጥሚት ጠጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ቶሎ ቶሎ አጥቡ። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ «ትንሽ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም።

ትንኟም ትቀምሳለች

እኛ ቆላዎች ወባን እናውቃታለን። ስለዚህ ይህን ስሙ። በቡርኪና ፋሶ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት በጎ ፈቃደኞችን ለሁለት ከፈለ። ገሚሱ ዶሎ የሚባለውን ከማሽላ የሚጠመቅ ያገር ቢራ ጠጡ፤ ገሚሱ ውሃ ጠጡ። ከዚያ የወባ ትንኞች ወደ ማን እንደሚሳቡ ታየ። ቢራ የጠጡት ከመጠጣታቸው በፊት ከነበረው ይልቅ ትንኞችን ሳቡ፤ ውሃ የጠጡት ላይ ግን ይህ ለውጥ አልታየም።

ጥናቱ የተደረገው በእኛ አገር አይደለም፤ አንድ ጥናት ብቻውንም ሁሉን አይወስንም። ግን አስቡት፦ ማሽላ በሚበቅልበት፣ ወባ በሚነሳበት አገር፣ ከዝናብ በኋላ በመሸ ጊዜ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ቢራ የሚጠጣ ሰው ማንን እየጋበዘ ሊሆን ይችላል? ሲሰክርም አጎበሩን ሳያወርድ ይተኛል። ትኩሳት ሲመጣበት «የትናንቱ መጠጥ ነው» ብሎ ምርመራውን ያዘገያል። ወባ ደግሞ መዘግየትን አትወድም።

ለልጅ «ቅመስ» ማለት

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን።

በዓል ነው። አባት ቢራውን ከፍቷል። የስድስት ዓመት ልጁ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል። «ቅመስ እስቲ ጎበዝ!» ይባልና ብርጭቆው ወደ ልጁ አፍ ይጠጋል። ልጁ ፊቱን ሲያጨማድድ ቤቱ በሙሉ ይስቃል፤ አንዱ በስልክ ይቀርጸዋል። ይህን ያላየ እጁን ያውጣ።

አንደኛ፣ የልጅ ገላ ትንሽ ነው። ግማሽ ጠርሙስ ቢራ በ20 ኪሎ ልጅ ደም ውስጥ የሚፈጥረው የአልኮል መጠን በአንድ 65 ኪሎ አዋቂ ውስጥ ከሚፈጥረው ከ3 እጥፍ በላይ ነው። ሁለተኛ፣ የልጅ ጉበት የሚያከማቸው ስኳር ጥቂት ነው። አልኮል ደግሞ ጉበት አዲስ ስኳር እንዳይሠራ ያግዳል። ሳይበላ የቆየ ሕፃን ትንሽ ቢጠጣ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ፣ ሊያንቀጠቅጠው፣ ራሱን ሊያስተው ይችላል። እንግዶች ሲወጡ ብርጭቆ ውስጥ የተረፈውን ልጅ እየዞረ ሲጨርሰው የሚያይ የለም። መራራ ካልሆነ ደግሞ ለምን ይተፋዋል?

ሦስተኛ፣ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ መጠጥ ፉት ያሉ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ሙሉ ብርጭቆ ጠጥተው የመገኘት ዕድላቸው ካልቀመሱት 5 እጥፍ ያህል ነበር። ቅምሻዋ ብቻዋን ምክንያት ነች ብሎ ጥናቱ አላረጋገጠም፤ የቤቱ ሁኔታም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን «ቤት ውስጥ ቀምሶ ካደገ ውጭ አይጓጓም» የሚለውን የቆየ ምክር አይደግፍም።

ሕጉ ከእኛ ቀድሟል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያንም ከራዲዮና ከቴሌቪዥን፣ ከመንገድ ሰሌዳም አውርዷል። ከዚያ በፊት የነበረው ሕግ ከ12 በመቶ በላይ አልኮል ያላቸውን ብቻ ስለከለከለ ቢራ በየዜናው መሐል እንደ ልቡ ይዘፍን ነበር። እዚያም ያሸነፈው «ቀላል ነው» የሚለው ክርክር ነበር። ዛሬ ዘፈኑ ቆሟል። ግን ሕግ ሳሎናችን ውስጥ አይገባም። ልጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «ቅመስ» የሚል አባት ያለ ክፍያ የሚሠራ ማስታወቂያ ነው፤ ልጁም ከየትኛውም ዘፋኝ ይልቅ እሱን ያምናል።

ጨብሲና መሪ

ሁለት ነገር ልጨምር። ጫት ቅሞ «ለጨብሲ» ብሎ ቢራ የሚጠጣ ወጣት ብዙ ነው። ጫት ያነቃቃል፣ አልኮል ያደነዝዛል፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ምርቃናው ስካሩን ስለሚሸፍነው ልጁ አልሰከርኩም እያለ ይጨምራል፤ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ከፍ እንዳለ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። በማግስቱም ለመንቃት ጫት፣ ለመተኛት ቢራ ይፈልጋል። ብዙ የመጠጥ ሱስ በዚህ በር ነው የገባው።

ሸዋ ሮቢት ደግሞ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ማረፊያ ናት። ምሳውን በልቶ «አንዷን ብቻ» ብሎ መሪ የሚጨብጥ ሹፌር ከፊቱ የጣርማ በር ዳገትና ገደል እንዳለ ያውቃል። አንዷ ከደሙ የምትወጣው ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። የእናንተም ልጅ እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

«ባህላችን ነው፣ እንጀራችንም ነው»

ይህን ተቃውሞ አከብረዋለሁ። ጠላ የበዓላችን አካል ነው፣ ብዙ እናትም ልጆቿን ያሳደገችው ጠላ ሸጣ ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬም ገብሱን ለቢራ ብቅል ይሸጣል። እኔ ፋብሪካ ይዘጋ፣ ጠላ ይደፋ አላልኩም። ዕድሜው የደረሰ፣ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው የራሱ ምርጫ አለው። ክራፍት ቢራ የሚጠምቅ ባለሙያም ሙያውን አላንቋሽሽም።

ግን ባህላችን ለልጅ አልኮል መስጠት ነው ያለው ማን ነው? በይፋት ብዙ ቤት በእምነቱ ጭራሽ አይጠጣም፤ እንግዳውንም በቡናና በሻይ አክብሮ ይሸኛል። በሚጠጣው ቤትም ጠላ ሲጠመቅ ለልጆች ቅሪብ ወይም ብርዝ ይለይ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጌሾ ያልገባበትን ለልጅ መለየት የድሮ ሰው ጥበብ ነው። እኛ ነን ያንን መለያ ያፈረስነው።

ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

1. በጠርሙስ ሳይሆን በመለኪያ ቁጠሩ። አንድ ቢራ አንድ መለኪያ ነው። ሐኪም ሲጠይቃችሁም እንዲሁ ንገሩት።

2. ለልጅ አታቅምሱ፤ በዓልም ቢሆን፣ ለሳቅም ቢሆን። ሌላ ሰው ሲያቀምስ «ይቅር አጋዬ» ለማለት አትፈሩ።

3. እንግዳ ሲወጣ የተረፈውን ብርጭቆ ወዲያው ድፉ።

4. ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ አታስታውኩት፣ ቡና አትስጡት። ነቅቶ በደንብ መዋጥ ከቻለ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ስጡት። ራሱን ከሳተ ምንም በአፉ አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

5. ለሙቀት ውሃ። ማታ አጎበር። ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን የደም ምርመራ።

6. መድኃኒት እየወሰዳችሁ ከሆነ ከመጠጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

7. በየቀኑ የምትጠጡና ስታቆሙ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በድንገት ብቻችሁን አታቁሙ፤ ሊያንዘፈዝፋችሁ ይችላል። ሐኪም ይርዳችሁ። ይህ ሕመም ነው፣ ነውር አይደለም።

8. ከጎረምሳ ልጃችሁ ጋር ሳይጀምር አውሩ። «አትጠጣ» ብቻ አትበሉት፤ ከላይ ያለውን ሂሳብ እስክሪብቶ አስይዛችሁ አሠሩት። «አይመርም፣ ለጀማሪ ነው» ሲባል ማን እንደሚፈለግ ራሱ ይረዳዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 2.6 ሚሊዮን ሰው የሞተው በአልኮል ምክንያት ነው። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዋን ጉንጭ «ከባድ ናት፣ ተጠንቀቅ» ተብሎ የተሰጠው ይኖር ይሆን? ሁሉም ማለት ይቻላል የሰማው አንድ ቃል ነው፦ «ቀላል ናት፣ ቅመሳት»። ያንን ቃል ልጃችሁ ከእናንተ አፍ አይስማው።

ጽሑፉ ይጠቅማል ብላችሁ ካመናችሁ ለሌሎች ወላጆች አጋሩ፤ ጥያቄ ካላችሁም ጻፉልኝ።